መልስ፦ ሴሽኑ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለምን ባዶ ይሆናል?

ጤና ይስጥልኝ። በድረ ገጽ መሥሪያው ቋንቋ በፒኤችፒ ያስቀመጡት የሴሽን ዋጋ (ሰርቨሩ ስለ አንድ ጎብኚ ከገጽ ወደ ገጽ የሚያስታውሰው መረጃ) ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደሚጠፋብዎ ጽፈዋል። መጀመሪያ ሴሽኑን የሚያስጀምረው ትእዛዝ «ሴሽን ስታርት» በሁለቱም ገጾች መጠራቱን ያረጋግጡ። ከእሱ በፊት ባዶ መስመር እንኳ መውጣት የለበትም፤ የሴሽኑን መለያ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ኩኪ የሚላከው ከገጹ ይዘት በሚቀድመው ሄደር ነውና። አውትፑት በፈሪንግ (የገጹን ይዘት ወዲያው ሳይልክ አጠራቅሞ የሚይዝ ቅንብር) የበራበት ማሽን ይህን ስህተት ይሸፍነዋል፤ ኮዱ አንዱ ሰርቨር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የሴሽን መለያውን በሁለቱም ገጾች አሳትመው ያወዳድሩ። ከተለያየ ችግሩ ኩኪው ላይ ነው፦ ዶሜይኑ ተቀያይሯል፣ ወይም «ሴኪዩር» የተባለ፣ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚላክ ኩኪ በኤችቲቲፒ ሊያልፍ አልቻለም። መለያው ተመሳሳይ ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልወጣ የፒኤችፒን ቅንብሮች የሚዘረዝረውን «ፒኤችፒ ኢንፎ» ገጽ ከፍተው የሴሽን ክፍሉን ያንብቡ። «ሎካል ቫልዩ» የሚለውን ዓምድ ይመኑ፤ ለዚያ ገጽ የሚሠራው እሱ ነው። የሴሽን ፋይሎች የሚቀመጡበትን ቦታ በሚያሳየው «ሴቭ ፓዝ» ላይ የተጻፈው ፎልደር መኖሩንና ሰርቨሩ ሊጽፍበት መቻሉን ይፈትሹ። ሴሽን ሳይጠረግ የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው «ጂሲ ማክስ ላይፍታይም» ካልተነካ 1440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፤ ዋጋው የሚጠፋው ቆይቶ ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ።

ይህን ሁሉ ከብሮውዘር እንጂ ከኮማንድ ላይን አይፈትሹ፤ ኮማንድ ላይኑ ብዙ ጊዜ ሌላ የኢኒ ፋይል (የፒኤችፒ ቅንብር ፋይል) ያነባል። ሲጨርሱ የኢንፎ ገጹን ወዲያው ያጥፉት፤ በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ከኮዱ ውጭ ሰርቨሩ ላይ በሚያዝ ቅንብር) የተቀመጠ የዳታቤዝ ፓስወርድ ካለ ለማንም ጎብኚ ያሳያል።