የኋላ ፍሬን ሸራ ግቢ ውስጥ በራሴ ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምነዳው ቪትዝ ነው። ከከተማ ወጣ እያልኩ ኮረኮንች አበዛለሁ። ሰሞኑን ፍሬን ስይዝ ከኋላ በስተግራ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ አለ። የእጅ ፍሬኑም እላይ ድረስ ስቤው አይዝም። ሸራ ገዝቻለሁ። የግራውን ብቻ ብቀይር ይበቃል? ለበዓል በአባይ በረሃ አድርጌ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መቀየሩን ትችላለህ ወንድሜ። ግን ሁለቱንም ጎን ነው። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ፍሬን ስትይዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊጎትትህ ይችላል። እስክትቀይረው ደግሞ አትንዳው፤ የምትሰማው ድምፅ ሸራው አልቆ ብረቱ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ሸራውን የሚሸፍነውን ክብ ብረት) ሲበላ ነው።

ለጥ ያለ ቦታ አቁም፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። የግቢህ አፈር ዝናብ ከጠጣ ክሪኩ ይሰምጣል፤ ወፍራም ጣውላ ከስሩ አድርግ። መኪናውን በክሪክ ብቻ አንጠልጥለህ ግን እንዳትሠራ፣ ሌላ ጠንካራ ድጋፍ አስገባ።

ታምቡሩ አልወጣም ካለህ ጠርዙን በመዶሻ አትደብድበው፣ ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ሁለቱም ላይ አስገብተህ እኩል እኩል ስታጠብቅ ገፍቶ ያወጣልሃል። ውስጡ ያለውን አቧራ በአፍህም በአየርም እንዳትነፋው። አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ ለሳንባ መጥፎ ነው። በሳሙና ውሃ አርጥበህ በጨርቅ ጥረገው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንዱን ጎን ጨርሰህ ሳትገጥም ሌላውን አትንካ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ ሁለቱንም በአንዴ ፈታሁ፣ ሞላውን ሁሉ አንድ ሳህን ውስጥ ጨመርኩ፣ ስገጥም በሁለቱ ሸራዎች መሃል የምትገባውን ማስተካከያ ቡሎን የግራዋን ለቀኝ፣ የቀኟን ለግራ አደረግኳት። የሁለቱ ጥርስ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሸራው ባለቀ ቁጥር ታምቡሩ ጋ ማስጠጋት ሲገባት ጭራሽ ታርቀዋለች። ያወቅኩት ልጆቼን ይዤ ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ ነው፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈታ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

ከላይ ያለችውን ትንሽ የፍሬን ፓምፕም ጎሚኒዋን ገለጥ አድርገህ እያት። ውስጧ ከረጠበ ዘይት እያፈሰሰች ነው፣ መጀመሪያ እሷ ትቀየር። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይድንም። ታምቡሩ ወርዶ ሳለ ደግሞ ማንም ፔዳል እንዳይረግጥ፣ የፓምፗ ፒስተን ተስፈንጥሮ ይወጣል። ብረቱ የበላውን ታምቡር ቶርኖ ቤት ወስደህ ውስጡን አስተካክለው፤ ሲላግ ግን ይሰፋል። የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት ራሱ ታምቡሩ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ በአዲስ ለውጠው።

ገጥመህ ስትጨርስ ታምቡሩን በእጅህ አዙረው። ሸራው ትንሽ ሲነካው ከተሰማህ ልክ ነው። ፔዳሉ እስኪጠነክርልህ ደጋግመህ እርገጥ፣ ከዚያ ለጥ ያለ መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ሞክረው።

ወደ አባይ በረሃ ከመውረድህ በፊት ግን አዲሱ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እንዲላመድ 200 ወይም 300 ኪሎ ሜትር ያህል እዚሁ ከተማ ውስጥ ረጋ ብለህ ንዳበት። በዓሉ ከደረሰብህ በአውቶቡስ ሂድ።