ግራጫው ግድግዳ ለምን ወይንጠጅ መሰለ

ጥያቄው ከደሴ ነው። አንዲት እህት ሳሎኗን ፈዘዝ ያለ ግራጫ አስቀባች፣ ግድግዳው ግን ወይንጠጅ ሆኖ ታያት፣ ሁለተኛ እጅ ብታስደርብም ያው። ኮሪደሩ ከዛው ጋሎን ተቀብቶ ጥርት ያለ ግራጫ ነው። ሶፋና መጋረጃው ወርቃማ ቢጫ ናቸው። አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ የድሮው ቀለም እየተቀረፈ ነው። ከግድግዳው በታች በኩል የተቀባው ዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ደግሞ መስኮት ዘግታ ከሰል አቀጣጥላለች።

እህቴ መጀመሪያ ከሰሉን አውጪና መስኮቱን ክፈቺ፣ ሌላው ይደርሳል። የዘይት ቀለም ማቅጠኛው የቲነር ሽታ ባለበት ክፍል እሳት አይገባም፣ የደሴ ብርድ ቢጠናም አይገባም፣ ከሰል በዝግ ቤት ደግሞ ለብቻውም ሰው ይገላል።

ኮሪደሩ ግራጫ ከሆነ ቀለሙ ጤነኛ ነው፣ ሻጩም አላታለለሽም። እኔ የጠረጠርኩት ሶፋውንና መጋረጃውን ነው። የቀለም ክብ ላይ ቀይ ቢጫና ሰማያዊ በሶስት በኩል ይቀመጣሉ፣ በየመሃላቸው ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ወይንጠጅ ይገባሉ፣ ከቢጫ ፊት ለፊት ያለው ወይንጠጅ ነው። አይናችን ብዙ ቢጫ ሲያይ አጠገቡ ያለውን ግራጫ ወደ ተቃራኒው ይገፋዋል።

ይሄን ነገር በደንብ ያብራራው ሼቭረል የሚባል የፈረንሳይ ኬሚስት ነው። ፓሪስ ጎብላን የሚባል የሽመና ቦታ የክር ማቅለሚያውን ይመራ ነበር፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል እያሉ ሲያማርሩበት ክሩን ቢመረምር ምንም የለበትም፣ ለካ ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊና ወይንጠጅ ክር ነው፤ በ1839 እ.ኤ.አ. መፅሀፍ አድርጎ አወጣው። ያው ያንቺ ግራጫ ቀይ ምንጣፍ አጠገብ ቢሆን ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር፣ ብርቱካናማ አጠገብ ደግሞ ወደ ሰማያዊ። ለዛ ነው ሱቅ ቆሞ ከካርድ ላይ ቀለም መምረጥ የማልወደው፣ ካርዱ ሶፋሽን አያውቀውም።

ለማረጋገጥ ነጭ ወረቀት መሃሉን ቅደጂና ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ በቀዳዳው እዪ። ግራጫ ከሆነ ምክንያቱ ቢጫው ነው። ካልሆነ አምፖሉን ቀይረሽ ሞክሪ፣ ነጩ ኤልኢዲ ሰማያዊ ያበዛል።

ሶፋ አትቀይሪ። ከተረፈው ግራጫ በጣሳ ቀንሺና ቢጫ ማቅለሚያ ጠብ ጠብ አድርጊበት፣ ወይንጠጁን የሚሰብረው እሱ ነው። ጥቁር እንዳትጨምሪ፣ የጥቁርና የነጭ ድብልቅ ወደ ሰማያዊ ይሄድብሻል። ካርቶን ላይ ቀብተሽ ሲደርቅ ከሶፋው ጀርባ አቁሚው፣ ቀንም ማታም እዪው።

የሚቀረፈው ቦታ ግን የቀለም ምርጫ አይደለም፣ የበፊቱ ቀቢ የሚያብለጨልጭ ዘይት ቀለም ላይ ብርጭቆ ወረቀት ሳያስነካ ፕላስቲክ ቀለም ጭኖበት ሄዷል፣ እንዲህ ያለ ስራ በጣም ነው የሚያናድደኝ። እሱ የጫነው ቀለምም ርካሹ ነው፣ በእጅሽ ስትዳስሺው ዱቄት የሚሰጥ አይነት፣ ሶስት እጅ ቢደረብ ስሩን አይሸፍንም። የተነሳውን ፍቂ፣ የሚያብለጨልጨውን በእርጥብ ብርጭቆ ወረቀት አሻክሪ፣ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከስር የሚቀባውን፣ አድርጊና ከዛ ቀቢ። ዘይት ቀለሙን ስትነኪ መስኮት ክፍት ይሁን፣ ሽታው እስኪለቅ ከሰል የለም፣ ቡናውም እጣኑም በረንዳ ላይ።