ሽቦ በሻንጣ ከመጫናችሁ በፊት የምጣዱን አምፔር አስሉ

እንዴት ናችሁ ወገኖች፣ በተለይ ደብረ ብርሃን፣ መሃል ሜዳ፣ ሸዋሮቢት የቤተሰብ ቤት ያላችሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ስልኬ አያርፍም፣ "ለእማዬ ቤት መብራቱን ላሳድግላት ነው፣ 200 አምፕ ላስገባ፣ ምን አይነት ሽቦ ይዤ ልሂድ?" ትላላችሁ። መልሴ ምንም ይዛችሁ አትሂዱ ነው። እዚህ አሜሪካ በኤሌክትሪሺያንነት አስራ ምናምን አመት ሰርቻለሁ፣ እኔም ራሴ አንዴ ሁለት ጥቅል ሮሜክስ (የአሜሪካ የቤት ውስጥ ሽቦ) በሻንጣ ጭኜ ሄጄ፣ ሰፈር ውስጥ የሚሰራ አንድ ሽማግሌ ባለሙያ አይቶት "ይሄን ለምን አመጣኸው ልጄ፣ ሽቦ እኮ እዚህም አለ" ሲለኝ አፍሬ ቀረሁ።

ያ ሰው ልክ ነበር። እዚህ ቤቱ የሚሰራው በ120 እና በ240 ቮልት ነው፣ እዛ በ220፣ ስለዚህ አንድ አይነት ዋት የሚስበው አምፔር ከ120ው ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ገደማ ነው። ሽቦውም እዚህ በጌጅ ነው የሚለካው፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ሽቦው ይቀጥናል፣ 12 ጌጅ የምትሉት 3.3 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ 14ቱ ደግሞ 2.1 ገደማ። አገር ቤት 1.5፣ 2.5፣ 4፣ 6፣ 10፣ 16 እያለ ነው የሚሄደው፣ የእናንተው 12 በ2.5 እና በ4 መሃል ገብቶ የማንም አይሆንም። ከዛ በላይ የሚያስፈራኝ ቀለሙ ነው። አሜሪካ ጥቁር ሽቦ ካያችሁ ኤሌክትሪክ ያለበት ነው፣ እዛ አሮጌ ቤት ውስጥ ግን ጥቁሩ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ሆኖ ቀዩ ኤሌክትሪክ ያለበት ሊሆን ይችላል፣ አዲሱ ደግሞ ቡኒና ሰማያዊ ነው፣ ኒውትራሉ ሰማያዊው። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ቤት ላይ በቀለም የሚያምን ሰው እድሜው አጭር ነው፣ ቴስተር ያዙ።

ደግሞ 2.5 ማለት ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ፊቱ ስፋት በስኩዌር ሚሊሜትር እንጂ ውፍረቱ አይደለም። አንድ ወጥ የሆነው 2.5 ሽቦ ውፍረቱ 1.8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ የሚገዛ ወንድም "2.5 አይደለም ተጭበረበርኩ" ብሎ ባለሱቁን እንዳይጣላ። ግን 1.5 ሚሊሜትር ካገኛችሁ በእውነት ተጭበርብራችኋል። በመዳብ የተቀባ አልሙኒየምም አለ፣ በቢላ ጫር አድርጉት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሽቦ ከመምረጥ በፊት ቤቱ ምን እንደሚስብ ቁጠሩ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ አረቄው ብቻ አይበቃም፣ ሂተር ይለኮሳል። የኛን ቤት የገና ዋዜማ አስቡት። የእንጀራ ምጣድ 3,800 ዋት ይበላል እንበል፣ ለ220 ስታካፍሉት 17 አምፔር። ምድጃው 2,400፣ 11 አምፔር። ሂተሩ 2,000፣ 9። ቦይለሩ 1,500፣ 7። ፍሪጅ፣ መብራት፣ ቲቪ ምናምን 3 በሉት። ጠቅላላ 47 አምፔር፣ ሁሉም አንድ ላይ። አትሳቁ፣ የበዓል ማታ እማዬ ሁሉንም ነው የምትለኩሰው። ስለዚህ ባለ 10 (10 ስኩዌር ሚሊሜትር) መዳብ በግድግዳ ቱቦ ውስጥ 57 አምፔር ይሸከማል፣ ባለ 16 ደግሞ 76፣ እኔ 16ቱን ነው ያስገባሁት። የዋጋ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም፣ ቱቦውንና የሰራተኛውን ብር እንደሆነ አንዴ ነው የምትከፍሉት።

ከቆጣሪው እስከ ቤት ርቀት ካለ ደግሞ ሌላ ሂሳብ ይመጣል። የኛ ቆጣሪ አጥሩ ላይ ነው፣ ቤቱ ጓሮ፣ 40 ሜትር ይሆናል። ባለ 6 ሽቦ ብታስገቡ 30 አምፔር ሲስብ 7 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ባለ 16 ከሆነ 2.6 ገደማ። ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ የሚደበዝዝባችሁ ለምን መሰላችሁ፣ መብራት ሃይል ላይ ብቻ ታሳብባላችሁ እንጂ ግማሹ የራሳችሁ ቀጭን ሽቦ ነው።

የውስጡ መስመር ግልጽ ነው፣ ለመብራት 1.5 ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር (ሲበዛበት ራሱ የሚወርደው ማጥፊያ)፣ ለሶኬት 2.5 በ16 ብሬከር። ምጣድ ላይ ነው ጉዱ። የኛ ቤት መጀመሪያ የሰራው ልጅ ምጣዱን ከሳሎን ሶኬቶች ጋር በአንድ 2.5 አስገብቶት ነበር፣ ብሬከሩ በየጋገራው ይወርዳል፣ እማዬ ስትጠራው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ባለ 16ቱን አውጥቶ ባለ 32 ብሬከር አስገባላት። አሁን አይወርድም ብላ መርቃ ሸኘችው። እኔ ስሄድ ሶኬቱ ጠቁሮ፣ ከግድግዳው ሽታ ሽታ ይላል፣ ሽቦውን ስንስበው ላስቲኩ ቀልጦ ቱቦው ላይ ተጣብቋል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፣ 2.5 ሽቦ የሚችለው 24 አምፔር ነው፣ 32 ብሬከር ካስገባችሁበት ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆኖ ይቃጠላል ማለት ነው። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ ባለ 4 ሽቦ፣ 25 ብሬከር፣ ተራ ሶኬት ሳይሆን ባለ 32 ስዊች ላይ በቀጥታ።

ሸዋሮቢት ያላችሁ ግን ይሄን ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት፣ እዛ ሙቀት ነው። እነዚህ አምፔሮች ለ30 ዲግሪ የተሰሉ ናቸው፣ ቆርቆሮው ስር 50 ከደረሰ በ0.71 ታባዛላችሁ፣ ባለ 6 የነበረው 41 አምፔር 29 ይሆናል፣ 32 ብሬከር አይገባበትም። ወይ ሽቦውን አወፍሩት ወይ በግድግዳ አውርዱት፣ ከቆርቆሮ ስር አትጎትቱት።

ስሪ ፌዝ (ኤሌክትሪክ ያለባቸው ሦስት ሽቦዎች የሚገቡበት) የምትጠይቁ፣ ፎቅ ሰርታችሁ የምታከራዩ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ምጣዱን አንዱ ፌዝ ላይ፣ ቦይለሩን ሌላው ላይ ትከፍሉታላችሁ። ግን ኒውትራሉን አቅጥኖ "ለኒውትራል ባለ 6 ይበቃል" የሚላችሁን ሰው አትስሙት። ኒውትራል ከላላ ወይ ከተቆረጠ በፌዞቹ መሃል ያለው 380 ቮልት ቲቪና ፍሪጅ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤት በአንድ ማታ ሁሉም እቃ ሲያልቅ አይቻለሁ። ከፌዙ እኩል ይሁን፣ ብሎኑም በደንብ ይጥበቅ።

ኧርዝ፣ ማለትም ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ የሌለው ቤት ብዙ ነው። የመዳብ ዘንግ አስቀብሩ፣ እስከ ባለ 16 ድረስ የኧርዙም ሽቦ ከፌዙ እኩል ነው፣ ሻወር ያለበት መስመር ላይ ደግሞ ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ መሳሪያ) አድርጉ፣ ቦይለር ሰው የሚገድለው እዛ ነው።

ከምሰሶው እስከ ቆጣሪ ያለውን እጃችሁን አታስገቡበት፣ እሱ የመብራት ሃይል ነው፣ የአምፔር ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ጭማሪ ጠይቁ። ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የአንድ ወር እረፍት ይዛችሁ ሄዳችሁ የመጨረሻው ሳምንት ላይ አትሩጡ።

እናንተ እዚህ ሆናችሁ የምታሰሩ ከሆነ ደግሞ ልስን ከመለሰኑ በፊት በቪዲዮ ያሳዩአችሁ፣ ሽቦው ላይ የተጻፈው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ ቀረብ አርገው፣ ቱቦው የሄደበትን ግድግዳ በሜትር ዘርግተው። እኔ የወንድሜን ቪዲዮ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ፣ ባለፈው ለሳቴላይት ዲሽ ግድግዳ ሊበሱ ሲሉ እሱን አይቼ ነው "ቆይ ከዛ ሁለት ስንዝር ወደ ግራ" ያልኳቸው።