የሚበላ የኩሬ ቀንድ አውጣ ፕሮቲን አለካክ፦ ጥያቄና መልስ

ተማሪዋ፦ ዶክተር፣ ህንድ ውስጥ ቤንጋል አካባቢ የሚበላውን ቤላሚያ የተባለ የኩሬ ቀንድ አውጣ ፕሮቲን ለመመረቂያዬ በኬልዳል ዘዴ (ናይትሮጅን ተለክቶ ፕሮቲን በሚሰላበት) እየለካሁ ነው። ውጤቴ ከናሙና ናሙና ይለያያል። ችግሩ ምን ይሆን?

ዶክተር፦ መጀመሪያ የቅርፊቱን አፍ የሚዘጋውን ክዳን አንሺ። እንደ ጥፍር ያለ ጠንካራ ፕሮቲን ስለሆነ ማንም ባይበላውም ናይትሮጅኑ ውጤትሽ ውስጥ ይገባል። ከዚያ አንጀቱ ጭቃና አልጌ እንዲያስወጣ አንድ ሁለት ቀን ንጹህ ውሃ ውስጥ አቆዪው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ሴቷን ነው። ቤላሚያ ትወልዳለች፤ ቅርፊት ያበቀሉ ግልገሎች በሆዷ ይዛለች። ከነግልገሎቿ ከፈጨሻት የቅርፊታቸው ካልሲየም አመዱን (ናሙናው ሲቃጠል የሚቀረውን ማዕድን) ከፍ፣ ፕሮቲኑን በመቶኛ ዝቅ ያደርገዋል። አንዱ ናሙና ሴት ከበዛበት ልዩነቱ ከዚያ ነው። ናሙናው በአሲድ ሲፈላም ጥቁሩ ፈሳሽ ስለጠራ ብቻ ቶሎ አታውርጂው፤ ማፍላቱን ቀጥዪ። ባዶውን ሙከራም (ናሙና ሳይገባበት የሚሠራውን) እንዳትረሺ። መቶኛው የተሰላው ከእርጥብ ወይስ ከደረቅ ሥጋ ክብደት መሆኑን ጻፊ!

አሳ አርቢው፦ ባጭሩ ፕሮቲኑ ስንት ነው?

ዶክተር፦ የየትኛው ዝርያ? እርጥብ ወይስ ደረቅ? ደረቁ 55 በመቶ ቢሆን፣ ሥጋው 78 በመቶ ውሃ ከሆነ፣ ሳህን ላይ የሚቀርበው 12.1 በመቶ ብቻ ነው።

የላቦራቶሪው ልጅ፦ ናይትሮጅኑን በ6.25 ማባዛት በቂ ነው እኮ።

ዶክተር፦ አይደለም! ዮሃን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ኮፐንሃገን ካርልስበርግ ላቦራቶሪ ያቀረበው ዘዴ የሚለካው ናይትሮጅን ነው። 6.25 የመጣው ፕሮቲን 16 በመቶ ናይትሮጅን ነው ከሚል ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ወተት ውስጥ ሜላሚን (ፕሮቲን ያልሆነ፣ ናይትሮጅን የበዛበት ኬሚካል) የጨመሩት ይህን ክፍተት ተጠቅመው ነው፤ ሕፃናት ሞቱበት። ስለ ጥራቱ መናገር የሚፈልግ ፕሮቲኑ የተሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ይለካ። በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በ110 ዲግሪ፣ 24 ሰዓት ፕሮቲኑ ሲሰበር ትሪፕቶፋን የተባለው አሚኖ አሲድ ይጠፋል፤ ለእሱ ለብቻው በአልካሊ መስበር ያስፈልጋል።

የባሕር ዳሯ፦ ቀንድ አውጣ መብላት በእኛ ነውር ነው። ደግሞስ ቢልሃርዝያ አያስይዝም?

አሳ አርቢው፦ ነውር ያልሽው ለሌላው ሕዝብ ምግብ ነው።

የባሕር ዳሯ፦ እኔ ስለ ራሴ ነው ያወራሁት።

ዶክተር፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ አድርጉት። ቢልሃርዝያ የሚይዘው ትሉ ውሃ ውስጥ ቆዳ በስቶ ሲገባ ነው እንጂ በመብላት አይደለም፤ ስለዚህ አደጋው ለቀማው ላይ ነው። በጥሬው መብላት ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቤጂንግ ውስጥ ብዙ ሰው በአይጥ የሳንባ ትል የታመመው በደንብ ካልበሰለ ቀንድ አውጣ ነው። አብስሉት!

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ ፕሮቲኑ ስንት ነው?

ዶክተር፦ ከላይ መልሻለሁ፤ ያንብቡት። ዝርያውን፣ እርጥብ ወይስ ደረቅ መሆኑን ጽፈው ይመለሱ።