የእግር ማገገሚያ ሮቦት ለመሥራት የትምህርት ክፍል መቀየር ያስፈልጋል?

ውድ ጠያቂ፣ የሦስተኛ ዓመት የባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ እንደሆንሽ፣ በስትሮክ አንድ ጎናቸው የተጎዳ ሰዎችን የሚያራምድ ሮቦት መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ለዚህም ወደ ፊዚዮቴራፒ ልዛወር ወይስ ባለሁበት ልቀጥል በሚለው እንደተቸገርሽ ጽፈሽልናል። ባለሽበት ቀጥዪ፤ ከፊዚዮቴራፒ ክፍል ግን አትራቂ።

በዘርፉ በስፋት የሚታወቀው ሎኮማት የተሰኘው የስዊዘርላንድ መሣሪያ፣ ታካሚው በማንጠልጠያ ክብደቱ ተቀንሶለት ትሬድሚል ላይ ከቆመ በኋላ፣ ዳሌውንና ጉልበቱን በሞተር እያንቀሳቀሰ ያራምደዋል። እግርን በእጅ እያነሱ ማስኬድ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ በመሆኑ ለባለሙያው ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም በ2008 እና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተሙ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች፣ በመጠኑ መራመድ በሚችሉ የስትሮክ ታካሚዎች ዘንድ የባለሙያ እጅ ከሮቦቱ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይተዋል። አንዱ ማብራሪያ ማሽኑ ሥራውን ሁሉ ሲሠራለት ታካሚው ራሱ መጣሩን ይቀንሳል የሚል ነው። ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጨርሶ መራመድ ለማይችሉት፣ የሮቦት ልምምድ እንደሚጠቅም ደግሞ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ግምገማዎች ያመለክታሉ።

ስለዚህ የዘርፉ ከባድ ጥያቄ ሮቦቱ መቼ ማገዝ፣ መቼስ መተው እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው። ይህንን የሚፈታው የቁጥጥር ሥርዓት ትምህርት፣ ፕሮግራሚንግና ከጡንቻ የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ምልክት ማንበብ ስለሆነ፣ ሦስቱም ባለሽበት ክፍል ይገኛሉ። የጎደለሽ የታካሚውን አረማመድ በቅርብ ማየት ነው። ፈቃድ ጠይቀሽ በሳምንት አንድ ቀን ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተቀመጪ፤ የእግሩ ጣቶች ወደ መሬት የሚወድቁበት ሰው እንዳይደናቀፍ እግሩን ከዳሌው ወደ ጎን እያዞረ እንዴት እንደሚወረውረው፣ ባለሙያዋም ጉልበቱን በየትኛው ቅጽበት ደግፋ በየትኛው እንደምትለቀው መዝግቢ። ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ለንድፍሽ መነሻ የሚሆነው ይህ ማስታወሻ ነው።

ለመመረቂያ ሙሉ እግር የሚያራምድ መሣሪያ አትሞክሪ። በሃርቫርድ ምርምር ላይ ተመሥርቶ የተሠራውና በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለስትሮክ ታካሚዎች የተፈቀደው ሪስቶር የተባለው ተለባሽ ሮቦት እንኳ፣ ከጨርቅ ልብስ ጋር በተያያዙ ገመዶች የሚያግዘው ቁርጭምጭሚትን ብቻ ነው። አንድ ሞተርና ከጫማ ሥር የሚቀመጥ የግፊት ሴንሰር ይበቃሻል። ሙከራውን በጤነኛ ሰዎች ጀምሪ፤ ለዚህም ቢሆን የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ጊዜ ስለሚወስድ ማመልከቻውን በዚሁ ሴሚስተር አስገቢ።