ሾርት ሺፍተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው አንድ ዕቃ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ማኑዋል ስፖርት መኪና ላይ የማርሽ ዘንጉን እንቅስቃሴ የሚያሳጥረው ሾርት ሺፍተር። የተወሰኑትን እነሆ።

«20፣ 30፣ 40 በመቶ ያሳጥራሉ የሚባሉ አሉ። ካልቀረ 40ውን ብገዛ አይሻልም?»

አይሻልም። በተለይ በየቀኑ የምትነዳው መኪና ከሆነ ተወው።

ነገሩ ቀላል ሂሳብ ነው። የማርሽ ዘንግ መሃሉ ላይ በኳስ ተደግፎ ይወዛወዛል። ከኳሱ በላይ ያለው ክፍል እጅህ ውስጥ ነው፣ ከኳሱ በታች ያለው ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። የላዩ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የታቹ 4 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። የታችኛው ጫፍ 2 ሴንቲ እንዲንቀሳቀስ እጅህ 10 ሴንቲ መሄድ አለበት። ሾርት ሺፍተሩ የታችኛውን ክፍል ወደ 5 ሴንቲ ያረዝመዋል። አሁን እጅህ 8 ሴንቲ ብቻ ይሄዳል። 20 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

ግን በነፃ አይደለም። በርቀት ያተረፍከውን በጉልበት ትከፍለዋለህ። 20 በመቶ ስታሳጥር የእጅህ ኃይል 25 በመቶ መጨመር አለበት። 30 ስታሳጥር ጭማሪው 43 በመቶ ገደማ ይሆናል። 40 ላይ ደግሞ 67 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እያሳጠርክ በሄድክ ቁጥር ክፍያው እየከበደ ነው የሚመጣው። ይህን ሂሳብ የትኛውም አምራች አያመልጠውም፣ ማሸጊያው ላይ የሚጽፈው ግን የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው።

እኔ ለመንገድ መኪና ከ20 እስከ 25 በመቶ ያለውን እመርጣለሁ። ቁመቱ የሚስተካከል ካገኘህ ደግሞ በረጅሙ ጀምር። የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሁለተኛና አንደኛ ማርሽ ሲያመላልስ የዋለ ክንድ ምስክር ነው።

«ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ክርር ይላል። ሾርት ሺፍተር ያስተካክለዋል?»

ጭራሽ ያባብሰዋል እንጂ! ማርሽ ስታስገባ ሲንክሮ የሚባለው ቀለበት፣ ብዙውን ጊዜ ከነሐስ የተሠራው፣ ከማርሹ ጋር ተፋትጎ ፍጥነታቸውን እኩል ያደርጋል። ጥርሶቹ የሚያያዙት ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁ የሚመጣው ፍጥነቱ እኩል ሳይሆን ሲያያዙ ነው። በሾርት ሺፍተር እጅህ ቶሎ ይደርሳል፣ በዚያው ጉልበት ከገፋህ ግን ሲንክሮው ጋ የሚደርሰው ኃይል ያንሳል። የደከመ ሲንክሮ ላይ ይህ ግፍ ነው።

መጀመሪያ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን አረጋግጥ። ቀጥሎ የካምቢዮውን ዘይት እይ። የመኪናው መጽሐፍ ጂኤል 4 (የማርሽ ዘይት ደረጃ ነው) የሚል ከሆነ «5 ከ4 ይበልጣል» ብለህ ጂኤል 5 አትሙላ። አንዳንዱ ጂኤል 5 ውስጥ ያለው የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመም ነሐስን ሊበላ ይችላል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ድምፁ ካልጠፋ ካምቢዮው መከፈቱ ነው፤ የሺፍተሩን ገንዘብ ለዚያ አስቀምጠው።

«ለምን ዘንጉን ከላይ ቆርጬ የብሎን ጥርስ አላወጣበትም? በርካሽ ያልቃል።»

ያልቃል፣ እህቴ። እንቅስቃሴውም እውነት ያጥራል። ችግሩ የማርሽ ጭንቅላቱም፣ እጅሽ የሚይዘው፣ አብሮ ወደ ታች መውረዱ ነው። ከመሪው ይርቅና እጅሽ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ያተረፍሽው እዚያው ይጠፋል። ደህና ሾርት ሺፍተር ጭንቅላቱን ከፍ አድርጎ ለውጡን ከታች የሚያደርገው ለዚህ ነው።

በርካሽ ከሆነ የፈለግሽው፣ ከበድ ያለ ጭንቅላት ሞክሪ። ግማሽ ኪሎ ገደማ የሆነ ብረት አንዴ ከተንቀሳቀሰ በክብደቱ ማርሹን ለማስገባት ያግዝሻል። ስትገዢ የብሎን ጥርሱን እይ፦ ሆንዳ ብዙውን ጊዜ ኤም 10 በ1.5 (ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር) ነው፣ ማዝዳ ኤም 10 በ1.25። ፀሐይ ላይ ለቆመች መኪና ግን ጓንት ሳያስፈልግሽ አይቀርም።

«የኔ መኪና በኬብል ነው የሚሠራው። ይሆንልኛል?»

ይሆናል፣ ግን በቡሹ ጀምር። የኬብሉ ጫፎች ላይ ያለው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቡሽ ሲላላ እጅህ ከሄደው ውስጥ ግማሹ ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሞተሩን አጥፋና አንድ ሰው ዘንጉን እንዲያወዛውዝልህ አድርግ። አንተ ካምቢዮው ጋ ያለውን ጫፍ ተመልከት። ዘንጉ ተንቀሳቅሶ ጫፉ ዝም ካለ ችግሩ ተገኘ። ብዙ ሰው ቡሹን ብቻ ቀይሮ ሾርት ሺፍተሩን ይረሳዋል።

«ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ላይ ምን ዓይነት ሾርት ሺፍተር ይሻላል?»

ምንም። ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከፋብሪካም አጭር ሆኖ ነው የመጣው። የሆንዳ ኤስ 2000ም እንዲሁ። የቆየ ኤምኤክስ 5 ከላላብህ ከዘንጉ ጫፍ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ቡሽና የተቀደደውን የጎማ ሽፋን ቀይር። ዘንጉ የተቀመጠበት ጉድጓድ ከካምቢዮው የተለየ የራሱ ዘይት አለው፣ እሱንም ሙላ። ያረጀ መኪና ላይ ደርቆ ቢገኝ አይግረምህ።

«ካስገጠምኩ በኋላ መኪናው ውስጥ ጩኸት በዛ።»

የጎማውን ቡሽ አውጥተው ብረት ወይም ነሐስ ቡሽ አስገብተውልሃል። ፖሊዩሬቴን (ጠንከር ያለ ፕላስቲክ መሰል ነገር) ይሻልሃል።

«ሾርት ሺፍተሩ ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት ሁለት ብሎኖች ለምንድን ናቸው?»

ማርሹ ከገባ በኋላ በጉጉት ስትገፋ ጉልበትህ ካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋውን ሹካ እንዳያጎብጠው የሚያቆሙ ናቸው። ማርሹ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሳለ ብሎኑን ዘንጉን እስኪነካ አጥብቀውና በጥቂቱ መልሰህ ፍታው። ከልክ በላይ ካስገባኸው ማርሹ በደንብ ሳይገባ ይቀርና መንገድ ላይ ተፈናጥሮ ይወጣብሃል። መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት የኋላ ማርሹንም ጨምረህ ሁሉንም አንድ በአንድ አስገብተህ ሞክር።