የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ትሬዠር አይላንድ» ለልጆች ይሆናል?

ጥያቄ፦ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰንን «ትሬዠር አይላንድ» ያነበበችው የ12 ዓመት ልጄ የባሕር ወንበዴውን ጆን ሲልቨርን እጅግ ወደደችው፤ እኅቴ ግን መጽሐፉ ለልጅ አይገባም ትላለች። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የእኅትዎ ሥጋት ያለ ምክንያት ባይሆንም፣ ልጅዎ በትክክል አንብባለች እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1883 በመጽሐፍ መልክ የታተመው የዚህ ልብ ወለድ ትልቁ ብርታት፣ ታዳጊውን ጂም ሆኪንስን እንደ ልጁ የሚያጫውተው ባለ አንድ እግሩ የመርከብ ወጥ ሠሪ ሲልቨር መርከበኞቹ የጠነሰሱት አድማ መሪ መሆኑን፣ ጂም ፖም ሊያወጣ ከገባበት በርሜል ውስጥ ሆኖ ሲሰማ፣ እስከዚያ ሲልቨርን የወደደው አንባቢም አብሮት መደንገጡ ነው። ሆኖም ሲልቨር ታማኙን መርከበኛ ቶምን ክራንቹን ወርውሮ ጀርባውን ከመታው በኋላ በቢላዋ የሚገድልበት 14ኛው ምዕራፍ በእርግጥ ከባድ ስለሆነ፣ እሱን አብረዋት ቢያነቡት እንመርጣለን።